በክፍል ውስጥ አብሮ ስለ መብላትና ስለ እጅ ንጽሕና

ኅዳር በተቃረበ ቁጥር በጨንቻና በአካባቢዋ ያሉት ትምህርት ቤቶች ኅዳር 29 ቀን ለሚውለው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን መሰናዳት ይጀምራሉ። ተማሪዎችም የየቤታቸውን ምግብ ይዘው እንዲመጡ ይነገራቸዋል። ቆጮው፥ የገብሱ ቂጣ፥ የተቀቀለው ድንች፥ ዳጣው፥ ወተቱና አፕሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ ልጆቹም የእያንዳንዱን ስምና አሠራር ከተማሩ በኋላ አብረው ይቀምሳሉ። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ልጅ በጆሮው ብቻ ከሰማው ይልቅ በአፉ የቀመሰውን ያስታውሳልና።

ነገር ግን ስለዚሁ ገበታ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤታችን መጥተው የሚጠይቁ ወላጆች አሉ። አንድ አባት ባለፈው ዓመት ያቀረቡልኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። «ልጄ በሚማርበት ክፍል ስድሳ ልጆች አሉ። እኔ በቤቴ እጁን ሳይታጠብ ወደ ገበታ እንዳይቀርብ አስተምሬዋለሁ። ታዲያ ስድሳ እጅ የገባበትን ሳህን ብላ ብዬ እንዴት ልላከው?» አሉኝ። ይህ የቅምጥል ሰው ጥያቄ አይደለም። መምህራንም «ወላጆች ነገር ያበዛሉ» ብለው ሊያልፉት አይገባም።

በ2006 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በጨንቻ ከተማ በአንደኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆችን ሰገራ መርምሮ፥ ከአምስት ልጆች አራቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ዓይነት የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ይዘው እንደ ተገኙ ገልጧል። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች የትል ማስወገጃ ዘመቻ ተጀምሮ ልጆች የአልቤንዳዞል ክኒን መዋጥ ስለ ጀመሩ፥ ያንን ቁጥር የዛሬ ቁጥር አድርጎ መጥቀስ አይገባም። ሆኖም ክኒኑ በአንጀት ውስጥ ያለውን ትል ያስወግዳል እንጂ ነገ የሚዋጠውን እንቁላል አይከለክልም። ስለዚህ አባትየው የሚፈሩት ነገር በእውነት ያለ ነገር ነው። የሚቀረን ፍርሀቱ በተገቢው ነገር ላይ ማረፉን መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ወስፋትን እንመልከት። አንዲት ሴት ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ ሁና በቀን እስከ 200,000 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከሰገራ ጋራ በወጣበት ሰዓት ገና ለመተላለፍ አልደረሰም፤ ሰው ቢውጠውም ትል አይሆንበትም። በጥላማና በእርጥብ አፈር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት፥ ቅዝቃዜ በበዛበት ስፍራ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ መቆየት ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ግን ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የጨንቻን መሬት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጉሙ ብዙ ቀን እስከ ረፋድ በማይገለጥበት፥ ዝናቡም በማይርቅበት አገር፥ በእንሰቱ ጥላ ሥር ያለው አፈር ለወስፋት እንቁላል የተመቸ ጓዳ ነው። እንግዲህ ወስፋት ያለበት ልጅ አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ በዚያው ቀን ወስፋት አያጋባበትም። የሚያጋባው የሁላችን የሆነው አፈር ነው፤ በጥፍር ሥር ገብቶ ወይም ባልታጠበ አትክልት ላይ ተጣብቆ ወደ አፍ ይደርሳል።

የጃርዲያ፥ የአሜባና የሺጌላ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። እነዚህ ከሰውነት በወጡበት ሰዓት ለመተላለፍ የተዘጋጁ ናቸው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ከ10 እስከ 100 በሚሆኑ ተሕዋስያን ብቻ ሰውን ሊያሳምም ይችላል፤ ይህን ያህሉ ከጥፍር ጫፍ ላይ ቢቀመጥ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ እጁን ያልታጠበ አንድ ልጅ ሳህኑን ቢነካ ለክፍሉ ሁሉ ሊበቃ ይችላል። በዚህ በኩል አባትየው ትክክል ናቸው።

ሌላው አደጋ ከሰገራ ጋራ የማይገናኝ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አያስበውም። በአፍንጫ ውስጥና በቆሰለ ጣት ላይ የሚኖር ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ከበሰለ በኋላ በእጅ የተነካ ምግብ ለብ እንዳለ በምሳ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ከማለዳ እስከ ቀትር ቢቆይ ባክቴሪያው ይራባና መርዝ ያወጣል። መርዙም በማፍላት አይጠፋም፤ ስለዚህ «እንደ ገና አሙቀነዋልና ደኅና ነው» ማለት አያድንም። ልጁ ከበላ በኋላ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስመለስ ይጀምራል። እንግዲህ የበሰለ ምግብ ወይ ትኩስ እንደ ሆነ ይበላ፥ ወይም ከወረደ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። የአርባ ምንጭ መምህራን ደግሞ ይህን ከእኛ አብልጠው ሊያስቡበት ይገባል፤ ከጨንቻ የሚርቁት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብለው በሙቀት ውስጥ የሚኖሩ ናቸውና።

በወላጆች ስብሰባ ላይ «ዳጣ ካለ ምን ይፈራል» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዳጣ ምላስን ያቃጥላል እንጂ የጃርዲያን ነፍስ አያወጣም፤ እንዲያውም ሳይበስል ተፈጭቶ የሚቀርብ ስለ ሆነ የፈጨው እጅና የተፈጨበት ዕቃ ንጽሕና ከሌላው ምግብ ይልቅ ያሳስባል። ብርዱም ቢሆን የባክቴሪያን መራባት ያዘገያል እንጂ አይገድለውም። ስለ ቆጮ የሚነገረው የተሻለ መሠረት አለው። በጉድጓድ ሲብላላ የሚፈጠረው አሲድ ብዙ ባክቴሪያን ያዳክማል፥ መጋገሩም የቀረውን ይገድላል። ነገር ግን ከምጣዱ ወርዶ የቆረሰው እጅ ካልታጠበ፥ በእሳት የተገኘው ንጽሕና በጣት ይጠፋል።

ስለ ማፍላት በመካከሉ አንድ ነገር ልናገር። በውጭ አገር ስማር ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብዬ አጥንቼ መጣሁ። በጨንቻ ግን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብለን የምንኖር ስለ ሆነ ውሃችን የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል የሚበቃ ነው፤ ብቻ ውሃውም ሆነ ወተቱ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ወዲያው ሳይወርድ ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆይ። ያልፈላ ወተት ወደ ክፍል ፈጽሞ መግባት የለበትም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እመጣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ምክር ቢጠይቀኝ፥ «ከቤት የተሠራ ምግብ ይቅር፤ እያንዳንዱ ተማሪ የታሸገ ብስኩት ይዞ ይምጣ» ብዬ ጻፍሁ። ከንጽሕና አንጻር ብቻ ሲታይ ስሕተት አልነበረበትም። በበዓሉ ቀን ሄጄ ስመለከት ግን ብስኩት መግዛት ያልቻሉ ልጆች ባዶ እጃቸውን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። ከዚህም የባሰው፥ አንዲት ወላጅ ቀርበው «ደግ አደረጉልን፤ ከእነማን ቤት ምግብ እንደሚመጣ እኮ እናውቃለን» ብለው አመሰገኑኝ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ምስጋናቸውም እንደ ስድብ ከበደኝ።

የጋሞን ደጋ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ እገልጣለሁ። ስሙ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፥ ማላ የሚባሉት ወገኖች ማና ከሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ ከሚባሉት ቆዳ አልፊዎች ጋራ በአንድ ገበታ አለመቅረባቸው፥ ከቤታቸውም አለመብላታቸው ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። በከተማ ልማዱ እየላላ መጥቷል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ጠፋ ስንለው ስም ለውጦ ይመለሳል። ያን ቀን የተመለሰው በንጽሕና ስም ነበር፤ ማኅተሙም የእኔ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው ከነበሩት ልጆች የአንዱን አያት በገበያ አገኘኋቸው። ሸክላ ሠሪ ናቸው። ስለ ሆነው ነገር ይቅርታ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ድስታችንን ገዝተው ይሄዳሉ፤ በድስታችን የሠራነውን ግን አይበሉም» አሉኝ። አልተቆጡም፤ እየሳቁ ነበር የተናገሩት። በፊታቸው የተደረደሩትን ዕቃዎች ተመለከትሁ። አንገተ ጠባብ እንስራ እጅና ኩባያ ስለማይገባበት፥ የመጠጥ ውሃ ለማኖር ከአፈ ሰፊ ባልዲ ይሻላል ብለን በየቀበሌው የምናስተምረው እኛው ነን። ያንን እንስራ በእጃቸው የሚሠሩት እርሳቸው ናቸው።

የምናከብረው ቀን ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀበት መታሰቢያ ነው፤ የዚሁ ሕገ መንግሥት 25ኛ አንቀጽም በማኅበራዊ አመጣጥ ምክንያት በሰዎች መካከል ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል። እኔ ግን ሕግ ዐዋቂ አይደለሁምና በሙያዬ ልናገር። ከላይ የጠቀስኋቸው ተሕዋስያን የሚተላለፉት በአፈር፥ በሰገራ፥ በቁስልና ቀዝቅዞ በቆየ ምግብ ነው። ከእነዚህ አንዱም በዘር ሐረግ የሚወርድ አይደለም። የማንም ቤት ሰው እጁን ካልታጠበ ያስተላልፋል፤ ከታጠበ አደጋው እጅግ ይቀንሳል። በመልክና በልብስ መለየትም አይቻልም።

ይህን የመጨረሻውን ነገር በሚገባ ያስተማረ አንድ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 በኒውዮርክ አጠገብ ባለ አንድ የባለጸጎች የበጋ ማረፊያ ቤት ከ11 ሰዎች ስድስቱ በታይፎይድ ታመሙ። ውሃውና ወተቱ ቢመረመር ምክንያት አልተገኘም። በመጨረሻ ሜሪ ማለን የምትባል ወጥ ቤት ላይ ተደረሰ። ሴትየዋ ጤነኛ ነበረች፤ ሙያዋም የተመሰከረ ነበር፤ ነገር ግን የታይፎይድን ባክቴሪያ ሳታውቀው በሰውነትዋ ትሸከም ነበር። መርማሪው በምክንያትነት የጠረጠረው የበሰለውን ወጥ ሳይሆን በእጅዋ የተዘጋጀውን፥ እሳት ያልነካውን፥ ኮክ የተከተፈበትን አይስ ክሬም ነው። ከአየርላንድ የመጣች ድኻ ስደተኛ ነበረች፤ መጀመሪያ ከ1907 እስከ 1910፥ በኋላም ወደ ወጥ ቤት ሥራ ተመልሳ በመገኘትዋ ከ1915 ጀምሮ በ1938 እስክትሞት ድረስ በአንዲት ደሴት ላይ ተለይታ እንድትቀመጥ ተደረገ። እንደ እርስዋ ያሉ ሌሎች ብዙ ጤነኛ ተሸካሚዎች በዚያችው ከተማ ተገኝተው ሳለ በነጻ ይኖሩ ነበር። ባለጸጎቹ በፊትዋ ንጽሕና አይተው እጅዋን አመኑ፤ በሽታው በታወቀ ጊዜ ደግሞ ከተማዋ የሁሉን ጥፋት በአንዲት ሴት ላይ ጫነች። ሁለቱም ስሕተት በእኛ ክፍል ውስጥ ሊደገም ይችላል።

ክቡራን መምህራን፥ ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ለወላጆች ብትነግሩ ብዙ አይረዳም። ለዓይን የሚታይ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ጨንቻ የሚበቃ ዕቃ አላት፥ እርሱም ድንች ነው። ሮበርት ኮክ የተባለው ዝነኛው ጀርመናዊ ሐኪም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ባክቴሪያን ለይቶ ለማሳደግ ይሠራበት የነበረው የተቀቀለ ድንች ቁራጭ ነበር፤ የዛሬው የላቦራቶሪ ሳህን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክዳን ያላቸውን የማርማላታ ብልቃጦች ከነክዳናቸው በውሃ ማፍላት፤ ድንቹን ከነልጣጩ አጥቦ መቀቀል፤ በፈላ ውሃ በተነከረ ቢላዋ ወፈር አድርጎ መቁረጥና ቁራጩን በእጅ ሳይነኩ በተቀቀለ ሹካ አንስቶ በብልቃጥ ውስጥ ማስቀመጥ። አንዱን ቁራጭ ማንም ሳይነካው ይከደናል። አንዱን ከጨዋታ የተመለሰ ልጅ ባልታጠበ ጣቱ ይነካዋል፤ አንዱን በውሃ ብቻ የተለቃለቀ እጅ፥ አንዱን ደግሞ በሳሙና ታሽቶ የታጠበ እጅ ይነካዋል። ከዚያ ፀሐይ በማይመታው ነገር ግን ሞቅ ባለ ስፍራ፥ ለምሳሌ ከምድጃ አጠገብ፥ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይቆያል። በእኛ ብርድ ውጭ ቢቀመጥ ልጆቹ ከትዕግሥት በቀር የሚማሩት ነገር አይኖርም። ብልቃጡ ከተዘጋ በኋላ መከፈት የለበትም፤ ትምህርቱ ሲያልቅ መምህሩ ራሱ ድንቹን በጉድጓድ ይቅበርና ብልቃጡን ያፍላው። በድንቹ ላይ የሚያድገው ሻጋታና ባክቴሪያ አብዛኛው በሽታ አምጪ እንዳይደለ ለልጆቹ መንገር ያስፈልጋል፤ የሚያሳየን እጅ ሳይታይ የሚሸከመውን ነው እንጂ ማን እንደ ታመመ አይደለም።

በብልቃጡ ላይ የልጅ ስም ፈጽሞ አይጻፍ፤ ቁጥር ብቻ ይበቃል። ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ይህን ስንሠራ እኔም ባልታጠበ ጣቴ አንዱን ነክቼ ነበር። በወላጆች ስብሰባ ቀን ብልቃጦቹ ሲደረደሩ ከሁሉ ይልቅ አረንጓዴና ብጫ የለበሰው ቁጥር 7 ሆነ። ወላጆች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዳንዶቹም በዓይናቸው ወደ ኋላ ወንበር ማመልከት ጀመሩ። ቁጥር 7 የእኔ እጅ መሆኑን፥ ያን ዕለት ማለዳ የብር ኖት ስቆጥር ውዬ መምጣቴን በተናገርሁ ጊዜ በመጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሳሙና ስንነጋገር የሰሙት ያህል ከዚያ በፊት ሰምተውኝ አያውቁም።

በበዓሉ ቀን የተደረገው ዝግጅት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አልነበረም። ለአንድ ልጅ ግማሽ ሊትር ውሃ ቢታሰብ ለስድሳ ልጅ 30 ሊትር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጄሪካን ሞልቶ ቀረበ። ጄሪካኑ ከታች በምስማር ተበስቶ በእንጨት ተወተፈ፤ ውታፉ ሲነሣ ውሃው እንደ ማስታጠቢያ ይወርዳል። አባቶቻችን ከገበታ በፊት ውሃ በእጅ ላይ ማንቆርቆራቸው ከብዙ የውጭ አገር ልማድ የበለጠ ጥበብ ነው፤ ሁሉም እጁን የሚነክርበት ሳፋ ግን የአንዱን እድፍ ለሌላው ያካፍላል። ሳሙናው በመረብ ከረጢት ታስሮ ተንጠለጠለ፤ ሳሙና በሌለበት ንጹሕ አመድ ይተካል። እጅ በቀሚስና በጋራ ፎጣ አይጠረግም፥ በነፋስ ይደርቃል። ምግቡን ልጆቹ ራሳቸው ከገበታው አያነሡም፤ እጃቸውን የታጠቡ ሁለት ሰዎች በጭልፋና በማንኪያ ለእያንዳንዱ ያድሉታል። አፕሉ ታጥቦ በታጠበ ቢላዋ ይቆረጣል። መጠጫው ኩባያ የየራስ ይሁን፤ አንድ ኩባያ በበርሜል ውስጥ እየነከሩ መዘዋወር ዛሬውኑ መቅረት ያለበት ነገር ነው።

ጉርሻን በተመለከተ መምህራን ይለያዩብኛል። ፍቅርን ለማስተማር ልጆችን እርስ በርስ ማጎራረስ የሚወዱ አሉ። እኔ በቤት ውስጥ የሚደረገውን ጉርሻ አልነቅፍም፤ ለስድሳ ሕፃናት ግን በማንኪያ አካፍሎ መስጠትም ፍቅር ነው ባይ ነኝ።

በሁለቱ ቀን ውስጥ ተቅማጥ ወይም ማስመለስ የነበረበት ልጅ ቢቻል በቤቱ ይረፍ፤ ከመጣም ምግብ በማደል ሥራ አይግባ። ጣቱ የቆሰለ ልጅ ከገበታው አይከልከል፤ ቁስሉ ይሸፈንለትና የምግቦቹን ስም በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። በጤና ምክንያት የተለየ ልጅ ሁሉ እንደ ተናቀ እንዳይቈጥረው ሥራ ሊሰጠው ይገባል። በተጨማሪም ኅዳር 29 ከኅዳር 15 በሚጀምረው የነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል፥ የሚጾሙ ቤተ ሰቦች ልጆች ስላሉ ወተቱና ቅቤ የገባበት ምግብ ለብቻው ቢቀመጥ መልካም ነው። ይህ የንጽሕና ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ለሁለቱም የሚሰጠው ምክንያት አንድ ላይ ሲደባለቅ አይቻለሁ።

ስለ ስድሳው እጅ የጠየቁኝ አባት ልጃቸውን ላኩ። የራሱን ሳህንና የራሱን ማንኪያ አስይዘው ነበር የላኩት፤ ይህም ተገቢ ነው፥ ሌሎችም ቢከተሏቸው ደስ ይለኛል። ልጁ የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ ያመጣውን የገብስ ቂጣ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በልቷል።

ዘንድሮ የድንቹን ትምህርት ለማሳየት የሚፈልግ ትምህርት ቤት ድንቹን ኅዳር 18 ቀን ቢቆርጥ ለኅዳር 28 የወላጆች ስብሰባ ይደርስለታል። ብልቃጥ ያጣ ከጽሕፈት ቤታችን መዋስ ይችላል፤ ክዳናቸው ደኅና የሆኑት ስምንት ብቻ ስለ ሆኑ ግን ቀድሞ የጠየቀ ይወስዳል።